የመኪና እግርና የሲባጎ ምስክርነት

ጠማማ ነገር ብቻውን ሲቆም ጠማማነቱ አይታወቅም። የሚታወቀው ቀጥ ያለ ነገር አጠገቡ ሲቆም ነው። ግንበኛ ይህን ስለሚያውቅ ያለ ቱንቢና ያለ ውኃ ልክ ግድግዳ አያቆምም። አናጢም ጣውላውን ከፍ አድርጎ፣ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያየዋል። ወደ መኪና ስንመጣ ግን ይህን ጥንታዊ ጥበብ እንዘነጋለን። የሞተር ድምፅ ትንሽ ሲለወጥ ባለ መኪናው ሁሉ ጆሮውን ያቆማል፤ ቀለሙ ሲጫር ሌሊት እንቅልፍ ያጣል። ከመኪናው ሆድ በታች ያለው ብራች ወይም ቴስቲኒ ወይም ባሌስትራ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ግን ልብ የሚል የለም። የሚታወቀው ከወራት በኋላ ጎማው በአንድ በኩል ተበልቶ ሽቦው ሲያገጥጥ ነው፤ አለዚያም፣ እግዜር አያምጣውና፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን ሲሸሽ።

በጋራዥ ቋንቋ ይህ የመኪና ክፍል «እግር» ይባላል። «እግሯ ተሠርቷል?»፣ «እግሯ ይንኳኳል» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ስያሜው ጥሩ ስያሜ ነው። እግረ ሸፋፋ ሰው ጫማውን በአንድ በኩል እንደሚጨርስ ሁሉ፣ እግረ ሸፋፋ መኪናም ጎማውን በአንድ በኩል ይጨርሳል። ልዩነቱ፣ የሰው ሸፋፋነት የሚጎዳው ጫማን ብቻ ሲሆን የመኪና ሸፋፋነት ግን የሰው ሕይወት ይዞ መሄዱ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላወጋችሁ የፈለግሁት የዚህን እግር የማቃናት ታሪክ ነው፤ በተለይም በጓሯቸው፣ በገዛ እጃቸው መኪናቸውን የሚፈቱና የሚገጥሙ ሰዎች የተዛነፈውን እንዴት ሲመልሱ እንደ ኖሩ። ታሪኩ ከመኪና ይቀድማል። አንድ የሙኒክ ሠረገላ ሠሪ፣ አንድ የለንደን መጽሐፍ አሳታሚ፣ በኤደን ወደብ የነበረ አንድ የእንግሊዝ አየር ኃይል መኮንን ይገኙበታል። የእኛም ጋራዦች ድርሻ አላቸው።

ከሞተር በፊት የነበረ ጣጣ

የድሮው የአውሮፓ ሠረገላ አራት ጎማ ነበረው። የፊተኞቹ ሁለት ጎማዎች በአንድ ወፍራም ዘንግ ላይ ተሰክተው፣ ዘንጉ ደግሞ መካከሉ ላይ ባለ አንድ ትልቅ ካስማ ይዞራል። ፈረሶቹ ወደ ግራ ሲታጠፉ ዘንጉ እንዳለ ወደ ግራ ይዞራል። ጣጣው የሚመጣው ጠበቅ ያለ መታጠፊያ ላይ ነው። ዘንጉ በዞረ መጠን ሠረገላው የቆመበት መሠረት እየጠበበ ይሄድና ሠረገላው ከነተሳፋሪው ይገለበጣል። የሥነ ፍጥረት ሊቁ የቻርልስ ዳርዊን አያት፣ ሐኪሙ ኢራስመስ ዳርዊን፣ በ18ኛው ምዕተ ዓመት በሽተኞቹን ለማየት በሠረገላ ሲንከራተት ይህ ነገር አሳስቦት የራሱን የመሪ ዘዴ ነድፎ ነበር። ሐሳቡ ግን በጊዜው አልተስፋፋም።

መፍትሔው በሌላ በኩል መጣ። ጌኦርግ ላንከንስፐርገር የተባለ የሙኒክ ሠረገላ ሠሪ ዘንጉን ባለበት አቆመና ለእያንዳንዱ የፊት ጎማ የየራሱን ማዞሪያ ካስማ ሰጠው። ከዚያም ሁለቱን ጎማዎች በአንድ ማያያዣ ዘንግ አገናኛቸው። ለንደን ይኖር የነበረው ጀርመናዊ ወኪሉ ሩዶልፍ አከርማን በ1818 (እ.ኤ.አ.) የፈጠራውን መብት እንግሊዝ አገር አስመዘገበ። አከርማን በሥዕላዊ መጻሕፍት አሳታሚነቱ የታወቀ ሰው ነበር። እስከ ዛሬ መሐንዲሶች ዘዴውን የሚጠሩት በሠሪው ሳይሆን በወኪሉ ስም ነው። የዓለም ነገር እንዲህ ነው፤ አንዱ ይደክማል፣ ሌላው ይጠራበታል።

የዘዴው ምሥጢር የወታደር ሰልፍ ላየ ሰው ቀላል ነው። ጎን ለጎን የተሰለፉ ወታደሮች ሲታጠፉ በውስጥ በኩል ያለው ባለበት ይረግጣል፤ በውጭ በኩል ያለው ደግሞ እርምጃውን ያስረዝማል። ሁለቱ የሚዞሩበት ክበብ እኩል አይደለምና። የመኪናም የፊት ጎማዎች እንዲሁ ናቸው። በውስጥ በኩል ያለው ጎማ ከውጭኛው የበለጠ መታጠፍ አለበት፤ አለዚያ አንደኛው እየተንከባለለ ሌላው አስፋልቱን እየፋቀ ይሄዳል። ይህን ልዩነት ለማግኘት የጎማዎቹ ማዞሪያ ክንዶች በትንሹ ወደ ውስጥ ዘመም ብለው ይሠራሉ። ፈረንሳዊው ሻርል ዣንቶ በ1878 በሥዕል እንዳሳየው፣ በእነዚያ ክንዶች ላይ ቀጥታ መስመር ብንስል ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙት ከኋላ፣ በኋለኛው ዘንግ መካከል ላይ ነው።

ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። የፊት እግር ትክክለኛነት የሚለካው ከኋላ እግር ነው። የፊቱን ብቻ እያዩ «ቀጥ ብሏል» ማለት አይቻልም።

ችግሩ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር ለማወቅ ካርል ቤንዝን መመልከት ይበቃል። በ1886 የፈጠራ መብት ያወጣባት የመጀመሪያዋ መኪናው ሦስት ጎማ ብቻ ነበራት። ሞተር ከመሥራት ይልቅ ሁለት የፊት ጎማዎችን በትክክል ማዞር አስቸግሮት ነበርና፣ ከፊት አንድ ጎማ አድርጎ ጣጣውን ሸሸው። አራት ጎማ ላላት መኪና የሚሆነውን የራሱን መሪ ያስመዘገበው በ1893 ነው። ሞተሩ ሰባት ዓመት ቀድሞ እግሩን ሲጠብቅ ኖረ ማለት ነው።

ባለቤቱ ከመኪናው ሥር

መኪናን በመንገድ ላይ በራስ እጅ የመጠገን ታሪክ የሚጀምረው ከአንዲት ሴት ነው። በነሐሴ ወር 1888 የቤንዝ ባለቤት ቤርታ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ፣ ለባሏ ሳትነግር፣ ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል በዚያች ባለ ሦስት ጎማ ነዳች። የነዳጅ ቧንቧ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው። የተላጠ ሽቦ በካልሲ ማሰሪያዋ ጠቀለለች። ፍሬኑ ሲያልቅ ጫማ ሠሪ ዘንድ ገብታ ቆዳ አስለበጠችው። ለሰንሰለቱ ደግሞ አንጥረኛ ፈለገች። የዛሬዎቹ የጓሮ መካኒኮች የዘር ሐረግ ከዚህች ሴት ይመዘዛል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከእርሷ 20 ዓመት በኋላ፣ በ1908፣ የፎርድ «ሞዴል ቲ» መጣች። እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ይህች መኪና ለገበሬ የተሠራች ነበረች፤ ከመሬት ከፍ ያለች፣ ጭቃና ጉድጓድ የማትፈራ። ከሥሯ ሁለት ረጃጅም የብረት ሐዲዶች እንደ ቃሬዛ ተዘርግተው ሞተሩንም ሰውንም ይሸከማሉ። ሻንሲ የምንለው ይኸው ነው። ከብዙ ንዝረትና ከጉድጓድ ብዛት የተጣመመ ሻንሲ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ማንም ገበሬ የሚችለው መንገድ ነበረ። ከፊት ግራ ጥግ እስከ ኋላ ቀኝ ጥግ በሰያፍ ይለካል፤ ከዚያም ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ። ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ ሻንሲው አልተዛነፈም። እኛም አገር ቤት ሲሠራ መሠረቱ አራት ማዕዘን መሆኑን የምናረጋግጠው እንዲሁ ገመድ በሰያፍ ወጥረን አይደለም?

ይህ ቅለት ብዙ አልቆየም። በ1922 ኢጣሊያዊቷ ላንቻ «ላምዳ»፣ በ1934 ደግሞ ፈረንሳዊቷ ሲትሮየን «ትራክሲዮን አቫን» ሻንሲን ከገላው ለይተው ማቆምን ተዉ። ወለሉ፣ ግድግዳውና ጣራው አንድ ላይ ተያይዘው እንደ እንቁላል ቅርፊት ሸክሙን ይካፈሉ ጀመር። መኪናዋ ቀለለች፣ ጠነከረች። ነገር ግን ቀጥታው ከሁለት ሐዲዶች ወጥቶ በመላው ገላ ውስጥ ተበተነ። ከዚያ ወዲህ የተጋጨች መኪና ላሜራዋ ተደብድቦ፣ ተለስኖና ተቀብቶ አዲስ ልትመስል ትችላለች፤ ከሆዷ በታች ግን የእግሮቿ መያዣዎች ከቦታቸው እንደ ሸሹ ይቀራሉ። ዐይን የሚያየውና ጎማ የሚያውቀው የተለያዩት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው።

ክንድና ትንሽ ራስ

ወደ አገራችን የገባችው የመጀመሪያዋ መኪና በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ በተባለ እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ የቀረበችው ናት። ከጂቡቲ ተነሥቶ፣ መንገድ በሌለበት በረሃና ዳገት አቋርጦ ነበር አዲስ አበባ የደረሰው። የጋራዥ ባህላችን የተወለደው ግን ከዚያ በኋላ፣ በጠላት ወረራ ዘመን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ጣልያኖች ለጦራቸውና ለመንገድ ሥራቸው እጅግ ብዙ የጭነት መኪና አስገቡ። መኪና ደግሞ ሰው ይፈልጋል፤ ብረት የሚያቀብል፣ ብሎን የሚፈታ፣ ከሥር ተኝቶ የሚያጠብቅ። ጠላት ሲወጣ መኪናው ቀረ፤ ሙያው ቀረ፤ ቃላቱም ቀሩ።

ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ብሎን ሁሉም የጣልያን ቃላት ናቸው። ስለ እግር ክፍል የምንጠቀምባቸውን ቃላት ትርጉም ስመረምር ደስ የሚል ነገር አገኘሁ። «ባሌስትራ» መጀመሪያ ትርጉሙ በእንጨት ላይ ተጋድሞ ፍላጻ የሚወረውር የጦር ቀስት ነው፤ የተጎበጠው የብረት ንጣፍ ቀስት ስለሚመስል። «ብራች» የምንለው «ብራቾ» ማለት ክንድ ነው። «ቴስቲኒ» የምንለው ደግሞ ትንሽ ራስ ማለት ነው፤ ከማያያዣው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችው ክብ ኳስ። ስለዚህ የመኪናችን እግር ክንድ አለው፤ ክንዱም ራስ አለው። አካላቱ ሲገጣጠሙ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው፤ አንዱ ሲዛነፍ ሌላው ሁሉ ይታመማል።

የፊት ጎማዎች ከፊት ጠበብ፣ ከኋላ ሰፋ እንዲሉ የሚደረግበትን ልክ ጣልያኖች «ኮንቬርጄንሳ» ይሉታል፤ መቃረብ ማለት ነው። ለምን ያስፈልጋል? በኋላ ጎማዋ የምትገፋ መኪና ስትሄድ መንገዱ የፊት ጎማዎችን ወደ ኋላ ይገፋቸዋልና መገጣጠሚያዎቹ ላላ ባሉበት መጠን ጎማዎቹ ከፊት ይከፈታሉ። ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ተደርገው ከተሠሩ፣ ሲሄዱ ቀጥ ይላሉ። በፊት ጎማዋ የምትጎተት መኪና ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ጉልበቱ ራሱ ጎማዎቹን ወደ ውስጥ ስለሚስባቸው ብዙዎቹ ሲቆሙ ቀጥ ብለው ወይም በጥቂቱ ተከፍተው ነው የሚታሰሩት። አንድ ልክ ለሁሉ አይሆንም።

ጥቂት ሚሊ ሜትር ምን ያመጣል የሚል አንባቢ ካለ አብረን እናስላ። 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቸርኬ ላይ የፊቱ ጠርዝ ከኋላው ጠርዝ በ7 ሚሊ ሜትር ቢለይ ጎማው አንድ ዲግሪ ዞሯል ማለት ነው። አንድ ዲግሪ የዞረ ጎማ አንድ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ወደ ጎን 17 ሜትር ያህል መሄድ ይፈልጋል። መኪናው ግን አይፈቅድለትም፤ ስለዚህ አስፋልቱ ላይ እየተፋቀ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ አዳማ ደርሶ እስኪመለስ ምን ያህል ላስቲክ ሞረድ ላይ እንደሚቀር አንባቢ ይገምተው።

የሲባጎው ዳኝነት

አንድ ወዳጄ ከጃፓን የመጣች ትንሽ የቤት መኪና አለችው። ፍሪሲዮኗ ሲያልቅ ከአጎቱ ልጅ ጋር ሆኖ በግቢው ውስጥ ለመቀየር ወሰነ። ሁለቱም እጃቸው ብረት የለመደ ሰዎች ናቸው። ካምቢዮውን ለማውረድ ከሞተሩ ሥር ያለውን፣ የፊት ክንዶችንና የመሪውን ሳጥን የሚሸከመውን ትልቅ ብረት መፍታት ነበረባቸው። እኔ አልጋ ብዬ ልጥራው። አልጋውን ፈትተው አወረዱት፣ ፍሪሲዮኑን ቀየሩ፣ አልጋውን መልሰው አሠሩት። ፍሪሲዮኑ እንደ አዲስ ሠራ። መሪው ግን ቀጥታ መንገድ ላይ ዘመም ብሎ ቆመ፤ መኪናዋም ወደ ቀኝ ትስብ ጀመር።

ሁለቱ ሰዎች ያደረጉት ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው። ቴስቲኒዎቹን ጥቂት አሽከርክረው መሪውን አቃኑት። መሪው ቀጥ አለ፤ መሳቡ ግን አልቀረም። ከሁለት ወር በኋላ አንደኛው ጎማ በውስጥ በኩል ተበላ። ያን ጊዜ ነው አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ የሄዱት፤ እኔም ነገሩን ለማየት አብሬ ሄድኩ።

ሰውየው ኮምፒዩተር የላቸውም። ሜትር፣ ሲባጎና አራት የብረት ካስማ አላቸው። መኪናዋን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቁመው በመጀመሪያ የጎማዎቹን ንፋስ እኩል አደረጉ። «ጋሼ፣ መሪውን አያዩትም እንዴ?» አልኳቸው።

«መሪ የሚነግርህ እጁ ያለበትን ነው ልጄ» አሉኝ። «እግሩ የት እንዳለ ከኋላ ጠይቅ።»

ከዚያም በግራ በኩል ከፊት ጎማው እምብርት እስከ ኋላ ጎማው እምብርት ለኩ። በቀኝ በኩልም እንዲሁ። ግራው ከቀኙ በ8 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ነገሩ በዚያች ደቂቃ ተገለጠ። አልጋው ሲታሠር የግራ ጎኑ ወደ ፊት፣ የቀኝ ጎኑ ወደ ኋላ ሸሽቶ ነበር። የአልጋው ቀዳዳዎች ከብሎኖቹ ሰፋ ያሉ ናቸውና ብረቱ በዚያች ክፍተት ውስጥ እንዳሻው ዞሯል። የግራው ጎማ ወደ ፊት ስለ ወጣ የእግሩ ካስማ ዘመም ከቀኙ በለጠ፤ መኪና ደግሞ የምትስበው ዘመሙ ወዳነሰበት ወገን ነው። ቴስቲኒ ማሽከርከር ይህን ሊያድን አይችልም። በሽታውን ሳይሆን ምልክቱን ነበር ያከሙት።

ሰውየው የአልጋውን ብሎኖች ላላ አድርገው፣ በረጅም ብረት ገፋ እያደረጉ፣ ግራና ቀኙ እኩል እስኪሆን አመጡት። ከዚያ በኋላ ነው ሲባጎ የወጠሩት። በመኪናዋ ግራና ቀኝ፣ በጎማዎቹ እምብርት ከፍታ፣ ሁለቱ ሲባጎዎች ከፊትም ከኋላም እኩል ተራርቀው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የብዙ መኪኖች የፊት እግሮች ስፋትና የኋላ እግሮች ስፋት እኩል አይደለም። ስለዚህ ሲባጎውን የኋላ ጎማ ላይ አስደግፎ ወደ ፊት መሳብ ያሳስታል። ሲባጎው ጎማ ሳይነካ ቆሞ፣ ከእያንዳንዱ እምብርት ያለው ርቀት ግራና ቀኝ እኩል መሆን አለበት። ከዚያ ወዲያ ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝና እስከ ኋላ ጠርዝ እየለኩ ቴስቲኒውን ማስተካከል ነው። ሥራው አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጀ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች።

ሲባጎ ይህን ሁሉ ያደረገው ዐዋቂ ሆኖ አይደለም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲወጠር ቀጥ ማለት። ግን ከዚያ ጋር ሲተያይ ሌላው ሁሉ ይናዘዛል።

ከመፍታት በፊት

የወዳጄን መኪና ያዛነፋት አለመቻል አልነበረም። አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች፤ አልጋውን ከመፍታታቸው በፊት የነበረበትን ቦታ ምልክት አለማድረጋቸው። በመርፌ ወይም በቀለም ሁለት ሦስት ጭረት ቢያሳርፉ ኖሮ ብረቱ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር።

ይህን ትምህርት በዓለም ዙሪያ ለብዙ ሰው ያስተማረች አንዲት መኪና አለች፤ እኛ «ቮልስ» የምንላት። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ በ2003 ከፋብሪካ ወጣች። የኋላ እግሯ ላይ ሞላም ባሌስትራም የላትም። በምትኩ በቱቦ ውስጥ የተጋደመ፣ በመጠማዘዝ ክብደት የሚሸከም ዘንግ አላት። ዘንጉ በውስጥ ጫፉ 40፣ በውጭ ጫፉ 44 ጥርስ አለው። በውስጥ አንድ ጥርስ ቢዘል 9 ዲግሪ፣ በውጭ አንድ ጥርስ ቢዘል ከ8 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ይላል። አንዱን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ በማድረግ ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ለውጥ ማግኘት ይቻላል። ብልሃቱ ድንቅ ነው። ነገር ግን የነበረበትን ሳይመዘግብ ዘንጉን የመዘዘ ሰው አዘቅት ውስጥ ገባ፤ መኪናው በአንድ በኩል ተንጋዶ ይቆምበታል። ከዘንጉ ጋር የሚያያዘው ጠፍጣፋ ክንድም የብሎን ቀዳዳዎቹ ሞላላ ናቸው። ስለዚህ ልማዱ ክንዱንና የጎማውን ዘንግ መያዣ ከመለያየት በፊት ሁለቱን በሚያቋርጥ መስመር በመሮ መምታት ነው። ሲገጠም መስመሩ ከመስመር ይጋጠማል።

ይህን የመሳሰለውን ዕውቀት ከፋብሪካ ሰው እጅ ወደ ባለ መኪናው እጅ ካሻገሩት ሰዎች አንዱ ጆን ሄንስ ነው። በ1965 የእንግሊዝ አየር ኃይል መኮንን ሆኖ ከጂቡቲ ማዶ በምትገኘው በኤደን ነበረ። አንድ ባልደረባው ኦስቲን ሂሊ «ስፕራይት» የተባለች፣ መብራቶቿ እንደ እንቁራሪት ዐይን ያፈጠጡ ትንሽ መኪና ገዝቶ እንዲያድሳት ርዳታ ጠየቀው። የፋብሪካው መመሪያ መጽሐፍ ለተራ ሰው እንደማይሆን ሄንስ አየ። ስለዚህ መኪናዋን እየፈቱ መልሰው ሲገጥሙ እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶግራፍ አነሳ። ያ ሥራ በ1966 የመጀመሪያው የሄንስ መመሪያ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። እኛ ኤደንን የምናውቃት በነጋዴዎቿና በስደተኞቿ ነው፤ የጓሮ መካኒኮች መጽሐፍም ከዚያው ሙቀት ውስጥ መወለዱን ግን ብዙ ሰው አያውቅም። የሄንስ ፎቶግራፍ ምንድን ነው? በመሮ የተመታው መስመር ታናሽ ወንድም ነው፤ ነገሩ ሳይፈታ የት እንደ ነበር የሚመሰክር ምልክት።

በ1969 ደግሞ ጆን ሙር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ስለ ቮልስዋገን ጥገና አንድ መጽሐፍ አወጣ። በርእሱ ላይ አንባቢውን «ጅል» ብሎ ይጠራል፤ የሚያስተምረው ግን ማንም ሰው ትዕግሥት ካለው የገዛ መኪናውን ሊያውቅ እንደሚችል ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች በጠባይ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ሥርዓት ያለው መኮንን፣ ሌላው ሥራውን የተወ ነፃ ሰው። የተስማሙበት ነገር ግን ዕውቀት በፋብሪካው አጥር ውስጥ ብቻ መታጠር እንደሌለበት ነው።

ስለ ምልክት ካነሣሁ አይቀር ሁለት ነገር ልጨምር፤ ጓሮ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሊያውቃቸው ይገባልና። አንደኛው፣ ክንዶቹ የሚታሠሩባቸው የላስቲክ ቡሾች ከብረት ጋር የተጣበቁ ናቸው። መኪናው በክሪክ ተሰቅሎ እግሩ በተንጠለጠለበት ብሎኑ ከጠበቀ፣ ሲወርድ ላስቲኩ ተጠማዝዞ ይኖራል፤ ቶሎም ይቀደዳል። መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው በራሱ ክብደት በእግሩ ሲቆም ነው። ሁለተኛው፣ ክሪክ ማንሻ እንጂ መሸከሚያ አይደለም። ከሥሩ የሚገባ ሰው መኪናውን በጠንካራ የብረት ማሳረፊያ ላይ ሳያስቀምጥ፣ ድንጋይና ጡብ ተማምኖ፣ ራሱን ከዚያ ሸክም ሥር አያስገባ። መኪና ለማቃናት ገብቶ የራስን አጥንት ማዛነፍ የሚያሳዝን ሞኝነት ነው።

የዛሬው ምስክር

ዛሬ ሲባጎውን የሚተኩ መሣሪያዎች አሉ። በጎማዎቹ ላይ አንጸባራቂ ሰሌዳ ይታሠራል፤ ካሜራ ያየዋል፤ ኮምፒዩተር ልኩን በቀይና በአረንጓዴ ያሳያል። ፍጥነቱና ትክክለኛነቱ የሚያስደንቅ ነው። ሲባጎ የካስማን ዘመም ሊለካ አይችልም፤ ይህ መሣሪያ ይችላል። ስለዚህ በጓሮ የተሠራ ሥራ መጨረሻው እንዲህ ያለ መሣሪያ ላይ ቢፈተሽ እጅግ መልካም ነው።

መኪኖቹም ራሳቸው ተለውጠዋል። ከ2014 መጨረሻ ወዲህ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚሸጥ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ መንሸራተትን የሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክስ አለው። ይህ መሣሪያ መሪው ስንት ዲግሪ እንደ ዞረ ያነባል። መሪው ዘመም ብሎ መኪናው ቀጥ ሲሄድ ካገኘው ሹፌሩ እየታጠፈ መስሎት ይደናገራል። ድሮ መሪን ማዛነፍ ዐይንን የሚያስቀይም ነገር ብቻ ነበር፤ አሁን የመኪናውን አእምሮ ማሳሳት ሆኗል።

በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ የኤሌክትሪክ መኪና በመንገዶቻችን ላይ በዝቷል። እነዚህ መኪኖች ፍሪሲዮን የላቸውም፤ ካንዴላና ማርሚታ አያውቁም። ከጣልያን የወረስናቸው ብዙ ቃላት ከእነርሱ ጋር ሥራ ይፈታሉ። እግር ግን አላቸው። እንዲያውም ከባዱ ባትሪ ወለላቸው ሥር ስለ ተዘረጋ እግራቸው የሚሸከመው ይበልጣል፤ ጥቂት መዛነፍም ጎማቸውን ፈጥኖ ይበላል። ከሥራቸው የሚገባ ሰውም ክሪኩን ባትሪው ላይ እንዳያሳርፍ፣ ብርቱካንማ የሆኑትን ከፍተኛ ኃይል ያለባቸውን ሽቦዎች እንዳይነካ መጠንቀቅ አለበት። ሞተር ይለወጣል፤ ብራችና ቴስቲኒ ይቀራሉ።

እኔ እያንዳንዱ አንባቢ ክሪክ ገዝቶ መኪናው ሥር ይግባ እያልኩ አይደለም። እጁ የማይችል ሰው ለሚችል ሰው መስጠቱ ብልህነት ነው። ነገር ግን የሚሰጠውም ሰው ቢሆን አንድ ነገር ማወቅ ይገባዋል። በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ዘንጉ፣ ብረቱና መሣሪያው ሁሉ ተለውጧል። ያልተለወጠው ማቃናት ማለት አንዱን ከሌላው ጋር ማስተያየት መሆኑ ነው፤ የፊቱን ከኋላው፣ የግራውን ከቀኙ፣ ከተፈታ በኋላ ያለውን ሳይፈታ ከነበረው። መካኒኩ ኮምፒዩተር ይኑረው ወይም ሲባጎ፣ «አቃንቼዋለሁ» ብሎ ቁልፍ ሲያስረክብ ባለ መኪናው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ከምን ተነሥተህ ለካኸው?» ለዚህ መልስ ያለው ሰው የያዘው መሣሪያ ምንም ይሁን ምን ሥራውን ያውቃል። መልስ የሌለው ግን መሪውን አቃንቶ እግሩን ትቶታል፤ ቀሪውን ጎማው ይናገራል።